የተወለወለው ጎን

ዓፊያ ከሱብሂ ሰላት በኋላ ተመልሳ አልተኛችም። የግቢውን በር ከፈተች፤ በርሜሉን ከቧንቧው ስር አስጠጋች፤ ውሃው እስኪመጣ ድረስ የማታውን ሰሃን አጣጠበች። ከአስፋልቱ በኩል ወደ ኮምቦልቻ የሚያቀኑ መኪናዎች ማርሽ ሲቀይሩ ይሰማል። አማቷ እማ ዘይና ከውስጥ ሆነው ሬዲዮኑን ከፈቱት፤ እንደ ልማዳቸውም ዜና አንባቢውን እየተከተሉ መልስ ይሰጡት ጀመር። ዓፊያ ከሱቅ ዳቦ አመጣች፤ ሻይ አፈላች፤ ለዘይና የደም ግፊት ክኒናቸውን ከውሃ ጋር አቀረበችላቸው። ከዚያ እርሻ ጽሕፈት ቤት ላለው አለቃዋ ደውላ ዛሬ ወደ ጨፋ እንደማትወርድ ነገረችው። የማሽላውን ትል ሌላ ባለሙያ ይየው።

«ምን ብለሽ ነው የቀረሽው?» አሉ ዘይና።

«እንግዳ አለብኝ አልኩት።»

ዘይና ክኒኑን ዋጡ። «የዛሬውን እንግዳ ነው ወይስ የነገውን?»

ዓፊያ ሳቀች። ስትስቅ ፊቷን ወደ ምድጃው አዞረች።

የነገዎቹ እንግዶች ሊያገባት የጠየቃት የኸይረዲን ሽማግሌዎች ነበሩ። ከጁምዓ ሰላት በኋላ ይመጣሉ። ዓፊያ መልሷን አስቀድማ ለዘይና ነግራለች፤ መልሷም እሺ ነው። ባሏ ሙሀመድኑር ከሞተ ወዲህ ለማንም ያላለችውን ቃል ስትናገር የነጠላዋን ጫፍ በጣቷ ትጠቀልል ነበር። እናቱ ዘይና ግን ወደ ደረታቸው ስበው «እኔ የቀበርኩት ልጄን ነው፤ አንቺን አብሬ አልቀበርኩም» አሏት። ሁለቱም አላለቀሱም። በዚያ ቤት ለቅሶ በሰው ፊት አይወጣም።

ዓፊያ ያስቀመጠችው ቅድመ ሁኔታ አንድ ብቻ ነበር፤ ሳጥኑ አብሯት ይሄዳል። ኸይረዲንም «ይምጣ» ብሏታል።

ሳጥኑ የሚባለው ግራማፎኑ ነው። ቤቱን የሚያውቅ ሁሉ ሳጥን ነው የሚለው፤ ግራማፎን አይመስልምና። የሙሀመድኑር ቅድመ አያት ሀጂ አብዱልፈታህ ለንግድ ጅቡቲ ወርደው ሲመለሱ ያመጡት ጊዜ እንደ ማንኛውም ግራማፎን ከላዩ ትልቅ የቆርቆሮ ጡሩምባ ነበረው። ችግሩ፣ ግድግዳ የሚጋሯቸው ጎረቤት የሚስታቸው ወንድም መሆናቸው ነው፤ እሳቸው ደግሞ ዘፈን የማይወዱ ሼኽ ናቸው። ሀጂ የሼኹን ፊት ያከብራሉ፤ ሸክላውንም ይወዳሉ። ከሁለቱ አንዱን መተው አልሆነላቸውም። አናጺ ጠሩና ከዋንዛ እንጨት ወፍራም ሳጥን አሠሩ። ጡሩምባው ተቆርጦና ታጥፎ፣ አፉን ወደ ታች ደፍቶ ሳጥኑ ውስጥ ገባ። ክዳኑ ሲዘጋ ድምፁ ከክፍሉ አይወጣም። መስማት የፈለገ ሰው ምንጣፉ ላይ ይቀመጥና ራሱን ከሳጥኑ ቀኝ ጎን ያስጠጋል፤ ዘፈኑም በጆሮው ብቻ ሳይሆን በራስ ቅሉ ይገባል። ሼኹ ሳያውቁ ሞቱ ይባላል። ዘይና ግን «ያውቁ ነበር» ይላሉ። «እሳቸውም የሀጂን ፊት አክብረው ነው ያልሰሙ የሆኑት።»

ያ ቀኝ ጎን ታዲያ ሞላላ ጥቁር ምልክት ነበረበት። የሀጂ ሚስት የጸጉር ቅቤ፣ የልጆቻቸውና የልጅ ልጆቻቸው ቅባት እንጨቱ ውስጥ ሰርጎ እንደ አሮጌ ኮርቻ ያብረቀርቅ ነበር። ከሁሉም መጨረሻ የተደገፈው ሙሀመድኑር ነው። ጸጉሩን የጥቁር አዝሙድ ዘይት ይቀባ ነበር። የቀብሩ ለቀስተኛ ተበትኖ ቤቱ ጭር ሲል ዓፊያ ምንጣፉ ላይ ቁጭ አለችና ራሷን እዚያው ላይ አሳረፈች። ሸክላውን የሚያሽከረክረው የሳጥኑ ሞላ ያኔም ተሰብሮ ነበር፤ የሚዞር ሸክላ አልነበረም። ሽታው ግን ነበር። ከዚያ ወዲህ ቤቱ ባዶ በሆነ ቁጥር እንዲሁ ታደርግ ነበር። ለማንም አልተናገረችም። ምን ተብሎ ይነገራል?

አሁን ከመስኮቱ ስር ያለው ቦታ ክፍት ነው። ኸይረዲን ሞላውን ሊጠግን ሳጥኑን ወደ ሱቁ ወስዶታል፤ ዛሬ ይመልሰዋል። ዛሬ ደግሞ ሊያዩት ከአዲስ አበባ የሚመጡ ጋሽ ጀይሉ የሚባሉ የግራማፎን ሰብሳቢ አሉ። ዓፊያ ማየቱን ፈቅዳለች፤ መግዛቱን ግን አልፈቀደችም።

*

ኸይረዲን የሰንበቴ ልጅ ነው። አባቱ በከብት ገበያው ከአፋር የሚመጣውን ነጋዴና ከደጋ የሚወርደውን የሚያስማሙ ደላላ ናቸው። እሱ ከብቱን ተወና ወደ አሮጌ ዕቃ ዞረ፤ ከሚሴ ላይ የግድግዳ ሰዓት፣ የልብስ ስፌት መኪና፣ የድሮ ሬዲዮ የሚጠግንባት ጠባብ ሱቅ ከፈተ። የሙሀመድኑር አጎቶች ነገሩን ሲሰሙ «ዩኒቨርሲቲ የጨረሰች ሴት፣ የሀጂ አብዱልፈታህ ቤት ሙሽራ፣ ለደላላ ልጅ?» ብለው ነበር። ዘይና ናቸው አፋቸውን ያዘጉት።

መጀመሪያ የመጣው ስለ ሳጥኑ ሰምቶ ነው። ዓፊያ በሩን ስትከፍትለት ሌላው ሰው ሁሉ እንደሚያደርገው አንገቱን ሰበር አድርጎ «እንዴት ነሽ፣ ቻልሽው?» አላላትም። «ጡሩምባው በየት በኩል ነው የታጠፈው?» ነው ያላት። ለዚህ ጥያቄ ብቻ ብላ አስገባችው።

ከዚያ በኋላ ሰበብ እየፈለገ መጣ። ዘይና በመካከል ስለሚቀመጡ ስለ ፍቅር አይወራም፤ ስለ ግራማፎን ነው የሚወራው።

«እማ ዘይና፣ አንድ ግራማፎን አለ፤ ወላሂ እንደ ኪስ ሰዓት ክብ ቆርቆሮ ነው» ይላል፤ ዓይኑ ግን ዓፊያ ላይ ነው። «ይከፈታል፣ ይገጣጠማል፣ ደህና አድርጎ ይዘፍናል። ሰውየው ሲጨርስ ኪሱ ከቶት ይሄዳል።»

«የምን ኪስ ነው እሱ?»

«የሚወዱት ነገር ከሆነ ይገባል፣ እማ።»

ዘይና ወደ ዓፊያ ዞር ይላሉ። «ይሄ ልጅ ስለ ኪስ ነው የሚያወራው?»

ሌላ ቀን እንደ ፎቶ ካሜራ የሚታጠፈውን ነገራቸው። ሌላ ቀን በጡሩምባ ፋንታ እንደ ማራገቢያ የተሸበሸበ ወረቀት ያለውን። ጠረጴዛ ላይ እንደ መብራት ተቀምጦ፣ ድምፁ ከአምፖሉ ባርኔጣ ስር የሚወጣውን። እነዚህ ሁሉ በጊዜያቸው ገዢ ያጡ፣ የተሳቀባቸው እንደነበሩ፣ ዛሬ ግን ሰብሳቢዎች ባሕር ተሻግረው እንደሚፈልጓቸው አወራላቸው። አንድ ከሰዓት ደግሞ እንዲህ አለ፦

«በጀርመን አገር ለልጆች ተብሎ የተሠራ ነበር። ሸክላው ቸኮላት ነው። ልጁ ሰምቶ ሲጨርስ ይበላዋል።»

«አዑዙ ቢላህ!» አሉ ዘይና። «ድምፅ ይበላል እንዴ?»

ዓፊያ እንባዋ እስኪፈስ ሳቀች። መሳቋን ስትሰማ ደነገጠች፤ የሰው ቤት ገብታ የሰው ዕቃ የጣለች ይመስል አፏን በነጠላዋ ያዘች። ኸይረዲን አልሳቀም። እያያት ነበር። ያን ዕለት ማታ በቴሌግራም የቸኮላቱን ሸክላ ፎቶ ላከላትና ከስሩ «ሳቅሽን አልበላሁትም፤ አስቀምጬዋለሁ» ብሎ ጻፈ። ዓፊያ ደጋግማ አነበበችው። መልስ አልጻፈችም፤ ስልኩን ግን ትራሷ ስር አድርጋ ተኛች።

*

ረፋዱ ላይ የጭነት ባጃጅ በር ላይ ቆመ። ኸይረዲንና ሾፌሩ በብርድ ልብስ የተጠቀለለውን ሳጥን ተሸክመው ገቡና ከመስኮቱ ስር አስቀመጡት። ሾፌሩ ሲወጣ ኸይረዲን ብርድ ልብሱን ገለጠው።

ከሁሉ አስቀድሞ የደረሳት ሽታው ነው። ቫርኒሽ። የሚቆረቁር፣ ጣፋጭ የሚመስል፣ ጉሮሮ ላይ የሚለጠፍ ሽታ። ሳጥኑ ከአልጋ መሸጫ ሱቅ የወጣ ይመስል ያብለጨልጫል፤ መስኮቱ ላዩ ላይ ይታያል፤ የራሷ ቀሚስ ላዩ ላይ ይታያል።

«ሞላው ይሠራል» አለ ኸይረዲን። ፈገግ ብሏል፤ ዓይኑ ግን እሷ ዘንድ አልደረሰም፤ መጋረጃው ላይ ቀረ። «መርፌውንም ቀይሬዋለሁ።»

ዓፊያ ዞራ በቀኝ በኩል ቆመች። እንጨቱ ቢጫ ሆኗል። ሞላላው ምልክት የነበረበት ቦታ ከሌላው ትንሽ ጎድጎድ ብሎ፣ እንደ ተላጨ ራስ ነጥቶ፣ ከላዩ ቫርኒሽ ተኝቶበታል።

«ይሄ ጎን...» አለች።

«ቆሽሾ ነበርኮ!» አለ ፈጠን ብሎ። «የስንት ሰው የጭንቅላት ቅባት ነው! የብርጭቆ ወረቀት አልበገር ብሎት በጋዝ ነው የለቀቀው። እኔ ራሴ ቀፎኝ ነበር። ጋሽ ጀይሉ ንጹህ ዕቃ ነው የሚወዱት፤ ለሳቸው ብዬ ነው።»

ዓፊያ ወደ ግቢ ወጣች። ቧንቧው ጋ ጎንበስ ብላ ተፋች። ምራቋ ቫርኒሽ ቫርኒሽ አላት። ሳጥኑን ሳትነካው እጇን በሳሙና ታጠበች፤ ደግማም ታጠበች። ሳያውቅ ነው፣ አለች ለራሷ። ከየት ሊያውቅ? አልነገርኩትም። ላላወቀ ሰው ቅባት ቅባት ነው፤ ቆሻሻ ነው። ነገ ሽማግሌ ይመጣል፤ ሳያውቅ ነው፤ ሳያውቅ ነው። ክኒን እንደሚውጥ ሰው ቃሉን ከውሃው ጋር ዋጠችው። ግማሹ ወረደላት።

*

ጋሽ ጀይሉ በልጅነታቸው ከሚሴን ለቀው አዲስ አበባ የከበሩ ሰው ናቸው፤ ቤታቸው ከወለል እስከ ኮርኒስ በግራማፎን የተሞላ ነው ይባላል። ወፍራም፣ ከንፈራቸው የማይደርቅ፣ ዕቃ ሲያዩ እጃቸውን ከሱሪያቸው ጋር የሚያሹ።

«አካም ቡልታኒ፣ እማ ዘይና!» አሉ ገና ከበሩ በኦሮምኛ ሰላምታ እየሰጡ።

«ነጋያ፣ ጀይሉ። ግባ፣ ግባ። ሸብተሃል።»

«አንቱ ግን ያው ኖት፣ ማሻአላህ። የት አለ? የት አለ የኔ...»

ሳጥኑን አዩት። አፋቸው እንደተከፈተ ቀረ። ቀርበው ተንበረከኩ፤ አፍንጫቸውን ወደ እንጨቱ አስጠጉና አሸተቱ፤ በረጅሙ ጥፍራቸው ቀኝ ጎኑን ጫር ጫር አደረጉት። ከዚያ ቀና አሉ።

«ማነው የገደለው?»

«አጸዳሁት፣ ጋሽ...» አለ ኸይረዲን።

«አጸዳሁት! ስልክ ላይ ምን አልኩህ? አቧራውን በትንፋሽህ እንኳ እንዳትነካው አላልኩህም? ሁለቴ፣ ሦስቴ እየደወልኩ አልለመንኩህም? አንተስ ‹ይወቁልኝ፣ እጄን አላሳርፍበትም› አላልከኝም? ወይስ ሌላ ሰው ነው ያነጋገርኩት?»

ኸይረዲን የብርድ ልብሱን ጫፍ ማጠፍ ጀመረ።

ጋሽ ጀይሉ ምስክር እንደሚፈልግ ሰው ወደ ዓፊያ ዞሩ። «ስሚኝማ ልጄ፤ አንቺ የተማርሽ ነሽ። ፋብሪካ በሺህ የሚያወጣውን ግራማፎንማ ማንም አለው። ሰብሳቢ የሚሞትለት ገበያው አንቅሮ የተፋውን ነው። አንዱ ብቻውን ቁጭ ብሎ አስቦ፣ ሠርቶ፣ ተስቆበት የቀረውን። ወይም ደግሞ እንደዚህ፣ አንድ ቤት ለገዛ ጭንቁ ብሎ የፈለሰፈውን! ሼኽ ለማክበር የተቀበረ ጡሩምባ የትም የለም፤ ዓለም ላይ የለም!» ከንፈራቸውን ላሱ። «የቸኮላት ሸክላ የሕፃን ጥርስ ያረፈበት አለ ቢሉኝ ቤቴን ሸጬ እሄዳለሁ። ለምን? ሰውየው አለበታ! የዚህም ነፍሱ ያ ቅባት ነበር። ይሄ ልጅ ፎቶውን የላከልኝ ዕለት እንቅልፍ አልወሰደኝም። ብትሰጪኝ ኖሮ በመስታወት ከልዬ፣ መብራት ከላይ አድርጌበት፣ ከጎኑ ደግሞ ትንሽ ቀዳዳ ትቼ፣ የሚመጣው ሰው አፍንጫውን አስጠግቶ...»

«ጀይሉ» አሉ ዘይና።

«እማ?»

«የልጄ ራስ ነው።»

ጋሽ ጀይሉ ተነሱ፤ ጉልበታቸውን አራገፉ፤ «አላወቅኩም፤ አላህ ይማረው» አሉ። ፊታቸው እውነትም ቀልቶ ነበር። ግን በሩ ጋ ደርሰው ዞር አሉ። «ሸክላዎቹስ እንደ ድሮ ነው ያሉት? እነሱንም አጥቧቸዋል?»

የመኪናቸው ድምፅ እስኪርቅ ዓፊያ ከቆመችበት አልተነቃነቀችም። የሙሀመድኑር ራስ በመስታወት ውስጥ፣ መብራት በርቶበት፣ ወንዶች ተራ ይዘው አፍንጫቸውን ሲያስጠጉበት ታያት። አንዱ በጋዝ አጠበው፤ ሌላው በቀዳዳ ሊያሸትተው ነበር። የትኛው እንደሚብስ መለየት አቃታት። ሁለቱም ሰውነቷ ላይ የተራመዱ ያህል ቆዳዋ ተኮማተረ።

ከዚያ ግን ሌላው ነገር መጣ። ቀስ ብሎ ነው የመጣው። *እንዳትነካው ተብሎ ነበር።*

ኸይረዲንን አየችው። ወለሉን ያያል።

*

ግቢ ውስጥ ከኒም ዛፉ ስር ቆሙ። ዘይና ከውስጥ ሬዲዮኑን አጥፍተውታል።

«ለሳቸው ብዬ ነው አልከኝ» አለች ዓፊያ።

«ዋሽቻለሁ።»

«ለማን ብለህ ነው?»

ከዛፉ አንድ ቅጠል ቀነጠሰ።

«ኸይረዲን፣ አንተ ዕቃ ታውቃለህ። አሮጌ ዕቃ ቫርኒሽ እንደማይቀባ እኔ ከአንተው አፍ ነው የሰማሁት። ለማን ብለህ ነው?»

«አየሁሽ» አለ።

«ምኑን?»

«ራስሽን አስደግፈሽ። የሞላውን ልክ ልወስድ የመጣሁ ቀን። በሩ ገርበብ ብሎ ነበር፤ ልጣራ ስል አየሁሽ። ምንጣፉ ላይ ቁጭ ብለሽ፣ ዓይንሽን ጨፍነሽ። ሸክላ የለም። የሚሰማ ነገር የለም። ፊትሽ ግን...» ድምፁ ተሰበረ። «ዓፊያ፣ እኔን አንድ ቀን እንኳ በዚያ ፊት አይተሽኝ አታውቂም።»

ዓፊያ ራቁቷን የታየች ይመስል ነጠላዋን ወደ አንገቷ ሰበሰበች።

«ሳትጣራ ተመለስክ?»

«ተመለስኩ። መንገዱን ሁሉ እየሳቅኩ ነው የሄድኩት። ሰው በሞተ ሰው ይቀናል? በእንጨት ላይ ባለ ቅባት ይቀናል? ቀናሁ። ሳጥኑ አብሮኝ ይሄዳል ስትዪ ይምጣ አልኩ፤ ምን ልበል? ከዚያ ሱቄ ወሰድኩት። በሩን ዘግቼ ሞላውን ስፈታ ሽታው ያውደኛል። አንድ ቀን፣ ወላሂ፣ እኔም ቁጭ አልኩና ራሴን አስጠጋሁ። ምን እንደምታገኚበት ልወቅ ብዬ።»

«ራስህን?»

«ቀፈፈኝ። የሌላ ሰው ትራስ ላይ፣ ገና ሳይቀዘቅዝ የተኛሁ መሰለኝ። ይሄን ነገር ቤቴ አስገብቼ በየቀኑ ላየው ነው አልኩ። ጠዋት ላየው ነው፤ ሥራ ውዬ ስገባ ላየው ነው። አንቺ ደግሞ እኔ ስወጣ ጠብቀሽ...» ትንፋሹን ዋጠ። «የብርጭቆ ወረቀቱን መቼ እንዳነሳሁት አላውቅም። ስጀምር ግን ማቆም አልቻልኩም።»

ከመንገዱ የሰው ሳቅ ተሰማ፤ አለፈ።

«አንድ ጊዜ ብትጠይቀኝ» አለች ዓፊያ።

«ምን ትይኝ ነበር?»

«ምናልባት ለእማ ትቼላቸው እመጣ ነበር።»

«እውነት ትተዪው ነበር?»

«አሁን ከየት አምጥቼ ልወቀው?» አለች። ድምፅዋ ከፍ አላለም። «እኔም የማውቅበትን ቀን ነው የወሰድክብኝ። ራሴ የምተወውን ነገር ከጭንቅላቴ ስር ነው የነጠቅከኝ።»

«ማሪኝ።» አንድ እርምጃ ቀረበ። «በአላህ፣ ዓፊያ። አላግባብ ነው ያደረግኩት። ስለምወድሽ ነው፤ ሌላ የለኝም። ስደቢኝ። ምቺኝ ከፈለግሽ።»

እጁን ዘረጋ። ልትይዘው ፈልጋ ነበር። እውነቱን ለመናገር፣ የቀናበትን ሲነግራት በውስጧ የሆነ ቦታ ሞቅ ብሏት ነበር፤ በሕይወት ያለ ወንድ፣ እጅና እግር ያለው ወንድ፣ በእሷ ቀንቶ ከእንጨት ጋር ታግሏል። ይህ ሙቀት ራሱ አስጠላት። ቢሆንም እጇ ከነጠላዋ ስር መውጣት ጀምሮ ነበር።

ያኔ ጥፍሩን አየች። ከየጥፍሩ ስር ጥቁር ቡናማ ነገር አለ፤ ታጥቦ ያልለቀቀ፣ ሥጋው ውስጥ የገባ። ቫርኒሽ ይሆናል። ከእንጨቱ የተፋቀውም ሊሆን ይችላል። የሀጂ ሚስት ቅቤ፤ የሙሀመድኑር ዘይት። የባሏ የመጨረሻው ነገር በዚህ ሰው ጥፍር ስር ነው፤ ይህ ሰው ደግሞ በዚህ እጁ ሊይዛት ነው፤ በዚህ እጁ ዳቦ ሊቆርስላት፣ ፊቷን ሊዳስስ ነው።

ዓፊያ ወደ ኋላ ሸሸች፤ ጀርባዋ ዛፉን ነካ።

ኸይረዲን የምታየውን አየ። እጁን አጠፈና ከጀርባው ደበቀው። እንደዚያ ያለ ፊት በሰው ላይ አይታ አታውቅም፤ ከስድብም ከዱላም የከፋ ነገር የደረሰበት ሰው ፊት።

«ሽማግሌዎቹን ልመልሳቸው?» አለ በመጨረሻ።

እንዲከራከራት ትንሽ ጠበቀችው። አልተከራከረም።

«መልሳቸው» አለች።

*

ዘይና ሶፋው ላይ እንደተቀመጡ ጠበቋት። ሁሉንም ሰምተዋል፤ ያልሰሙ አልሆኑም።

«ነይ ተቀመጪ።»

ዓፊያ ተቀመጠች፤ ለሳጥኑ ጀርባዋን ሰጥታ።

«አጥፍቷል» አሉ ዘይና። «እኔ የሙሀመድኑር እናት ነኝ። ቤቱን ሳጸዳ ያን ጎን እየዘለልኩ ነው የኖርኩት። ምን እንደተፋቀ የሚነግረኝ አያስፈልገኝም። ግን የሚቀናው በሕይወት ያለ ሰው ነው፣ ልጄ። ሙሀመድኑር ከእንግዲህ አይቀናም። ይቅር በይው።»

«ይቅር ብዬዋለሁ፣ እማ።»

«እንግዲያ ለምን መለስሽው?»

«ንዴት ቢሆን ያልፍልኝ ነበር። ከተናደድኩበት ሰው ጋር ታርቄ አድራለሁ። ይሄ ንዴት አይደለም።» ቃሉን ፈለገችው፤ ስታገኘውም ወደ አፏ ልታመጣው አልፈለገችም። «እጁን ሳየው ሆዴ ይገለበጣል። ልቤ ወደሱ ይሄዳል፤ ገላዬ እምቢ አለ። ምን ላድርገው? አምስት ዓመት ዩኒቨርሲቲ ተምሬ ገላዬን እሺ የሚያሰኝ ነገር አላስተማሩኝም።»

ዘይና ለመሳቅ ሞከሩ፤ አልሆነላቸውም። የዓፊያን እጅ ያዙ። በሳሙና ብዛት ሻክሮ ነበር። አውራ ጣታቸውን መዳፏ ላይ እያመላለሱ ዳሰሱት። ከሁለቱ ማን ማንን እንደሚያጽናና አይለይም ነበር።

*

ጁምዓ ከሰላት በኋላ በሩን ያንኳኳው አንድ ሰው ብቻ ነው። ጎረቤታቸው አስያ ናት፤ ሽማግሌ ይመጣል የሚለውን ወሬ ሰምታ፣ ሽቶዋን ተቀብታ፣ ለእልልታ ተዘጋጅታ ነው የመጣችው።

«እንዴ፣ ገና አልደረሱም?» አለች ዓይኗን እያንከራተተች። ከዚያ ሳጥኑን አየችው። «ማሻአላህ! ይሄን ቡፌ ደግሞ መቼ ገዛችሁት? እንዴት ያምራል! ለጥሎሽ ነው አይደል? አንቺ፣ መስታወት እኮ ነው!» ቀኝ ጎኑ ላይ መዳፏን አሳርፋ ከላይ ወደ ታች ዳሰሰችው። «ይለሰልሳልሳ!»

«ቆይቷል» አሉ ዘይና።

ዓፊያ ውሃ አቀረበችላት። አስያ እየጠጣች ስለ ቡፌ ዋጋ፣ ስለ እንጨት መወደድ፣ ስለ አንድ ሙሽራ የተሰነጠቀ ቁም ሳጥን ስታወራ ቆየች። ዓፊያ የአስያን መዳፍ ብቻ ነበር የምታየው፤ ንጹህ፣ ሂና የተቀባ፣ ምንም ያልያዘበት።

ክረምቱ ገባ። ዓፊያ ወደ ጨፋ ትወርዳለች፤ ማሽላ ታያለች፤ ጭቃዋን አራግፋ ትመለሳለች። የኸይረዲን ሱቅ በር ተቆልፏል፤ ወደ ሰንበቴ ወደ አባቱ ተመልሷል ይባላል። ሳጥኑ ከመስኮቱ ስር ነው። ሞላው ይዞራል፤ መርፌው አዲስ ነው፤ የቫርኒሹም ሽታ ለቋል። የሚደገፉት ጎን ግን የለውም። በዚያ ጎን የቀናው ሰውም የለም።